ማንም አላስቆማትም

እናቴ ስሟን የረሳችው ዝናቡ ሊያባራ ሲል ነው። ጎረቤታችን ዶ ፑ የቅል ጥብስ በሳህን ይዛ መጣችና፣ "ዶ ኤ ሴይን፣ እንዴት አደሩ?" አለቻት። እናቴ ምንጣፏ ላይ እንደተቀመጠች ግራ ቀኙን አየች። "እንደዚያ የምትባል ሰው እዚህ የለችም" አለች። እኔ ጓዳ ሩዝ እያጠብኩ ነበር፤ ስሰማ እጄ ውሃው ውስጥ ቀረ። ያቺ ዶ ፑ ግን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሳህኗን አስቀምጣ ተንበረከከችና ግንባሯን ወለሉ ላይ አስነክታ ሰገደችላት።

ስትወጣ ጓዳ ድረስ መጥታ፣ "ማ ዋይ፣ እናትሽ እኮ ደረሱ" አለችኝ በሹክሹክታ።

"የት ነው የደረሱት?" አልኳት። "ከምንጣፉ እስከ ሽንት ቤት እንኳ ያለ እኔ አይደርሱም።"

"አንቺ ደግሞ አፍሽ አያርፍም" ብላኝ ወጣች።

እውነቱን ለመናገር በሰፈሩ አልፈርድም። እናቴ ዕድሜዋን የፈጀችው በከተማችን በሚንጃን፣ የተመስጦ ቤት ተቀምጣ ነው። የሚንጃን ሴቶች ሆዳቸው በትንፋሽ ሲነፋና ሲጎድል እንዲያስተውሉ፣ ጉልበታቸውን ሲያማቸው "አመመኝ" ማለት ትተው "ሕመም፣ ሕመም" ብለው ዝም ብለው እንዲያዩት ያስተማረቻቸው እሷ ናት። "እኔ የምትሉትን እስቲ ፈልጉት" ትላቸው ነበር። "እግር ታገኛላችሁ፣ ትንፋሽ ታገኛላችሁ፣ ሐሳብም ይመጣል ይሄዳል። እኔ የሚባለውን ግን ብትፈልጉ ብትፈልጉ የለም።" ይህን ስታስተምር የኖረች ሴት አንድ ቀን ስሟ ሲጠራ "የለችም" ካለች፣ ሰው ሌላ ምን ይበል? ደረሰች፣ "እኔ" ከማለት ነፃ ወጥታ ቅድስና ላይ ደረሰች አለ። ወሬው ሳይመሽ ገበያውን አዳረሰው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሰው መመላለሻ ሆነ። ጠዋት ጠዋት አበባና ሙዝ ይዘው ይመጣሉ፣ ጫማቸውን ደጅ ያወልቃሉ፣ እግራቸውን ወደ ኋላ አጥፈው ፊቷ ይደረደራሉ። አንዷ ደፈር ብላ፣ "እናታችን፣ እርስዎ ማን ነዎት?" ትላታለች። እናቴ ትንሽ ታስብና "እንጃ" ትላለች። ሁሉም በረጅሙ ይተነፍሳሉ። "ይሄ የማን ቤት ነው?" ይሏታል። "የማንም" ትላለች። መልካም፣ መልካም፣ መልካም ይላሉ እጃቸውን አጣምረው። ከዚያ ይወጣሉ፤ እኔ እቀራለሁ።

እኔ የምቀረው ከምን ጋር እንደሆነ ልንገራችሁ። ከራሰው ምንጣፍ ጋር ነው። ሩዙን አፏ ውስጥ ይዛ ከማትውጠው እናቴ ጋር፣ ሳጥባት በክርኗ ደረቴን ከምትመታኝ እናቴ ጋር ነው። ከተኛች አንድ ነገር ኮሽ ባለ ቁጥር ትነሳና በር በር ትላለች፤ እኔም አብሬ እነሳለሁ። እንቅልፍ የሚባለው ነገር ጠፋብኝ። ቆሜ የማየው ሁሉ ይወዛወዛል፤ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ምን ልገዛ እንደወጣሁ ረስቼ እመለሳለሁ። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ አንድ ቀን ፀጉሯን እያበጠርኩላት፣ ዶ ፑን ቀና ብላ አየቻትና፣ "ይቺ ሴትዮ ማን ናት? ቤቷ አትሄድም እንዴ?" አለቻት። ሴትዮዋ እኔ ነኝ።

"አየሽ" አለችኝ ዶ ፑ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "የልጅ ፍቅር እንኳ ተቆርጦላቸዋል። እንዲህ ያለው የስንቱ ምኞት ነው።"

እኔ ማበጠሪያውን ይዤ ቆምኩ። ምኞት ነው አለች። እኔ ግን አንጀቴ ነው የተቆረጠው። ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ሩዙ እንዳያር ወጣሁ።

አንዳንዴማ እኔም ተጠራጠርኩ፣ ለምን እዋሻለሁ። ጠዋት ብርሃኑ በቀርከሃው ግድግዳ በኩል ሲገባ ፊቷ ጥርት ብሎ፣ ምንም ሳትፈልግ፣ ማንንም ሳትጠብቅ ስትቀመጥ አያታለሁ። ምናልባት እነሱ ናቸው ልክ እላለሁ። ምናልባት እኔ ነኝ በድካም የታወርኩት። ወዲያው ደግሞ የሳሙናውን ቁራጭ ልትበላ ስታነሳ አገኛታለሁ።

የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታውን ቱት "እናታችን ታማለች" እንዲል። እሱ ያን ካለ ሌላው ይከተላል፦ መኪና አለው፣ ማንዳሌ ከተማ የሽማግሌዎችን ጭንቅላት የሚያይ ሐኪም አለ፣ ሚስቱም ደህና ሴት ናት፣ ተራ መግባት ትችላለች። እኔም አንድ ሳምንት እተኛለሁ። ታውን ቱት ግን የተመስጦ ቤቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ የእናቱ ዝና እሱንም ቀና አድርጎት ነበር። ሸሚዙን ተኩሶ ይመጣል፣ ይሰግድላታል፣ ለእንግዳ የሚቀርበውን የሻይ ቅጠል ሰላጣ ከእንግዶቹ ጋር እየበላ ያወጋል።

አንድ ቀን ደጅ ላይ ያዝኩት። "ኮኮ፣ ወንድሜ፣ ሐኪም ጋ እንውሰዳት" አልኩት።

"ሐኪም ምን ሊያደርግ?"

"ሊያያት። ታማለች እኮ።"

"ዋይ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ሰው ይሰማል። እዚህ ደረጃ የደረሰን ሰው የታመመ ነው ማለት ምን ዓይነት ኃጢአት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ክኒን ልታስውጪያት ነው?"

"እንግዲያው ውሰዳትና አንተ ጋ ትሰንብት። ደክሞኛል።"

ፈገግ አለ። ያቺን የተመስጦ ቤት ፈገግታ አውቃታለሁ። "ማነው የደከመው?" አለኝ። "ደከመኝ አትበይ። ድካም፣ ድካም ብለሽ እዪው። ይመጣል፣ ይሄዳል። ያንቺ አይደለም።"

"የኔ ካልሆነ የማንም ነው" አልኩት። "የማንም ከሆነ ያንተም ይሆናል። በል ና፣ ግባና ጨርቋን ቀይር።"

ሰዓቱን አየና ስብሰባ አለብኝ አለ። ሞተሩን ሲያስነሳ ከኋላው ሳህን ልወረውር ምንም አልቀረኝም ነበር። ሳህኑን ግን ማን ይተካልኛል።

ሳያዶ ይፍረዱ ተባለ በመጨረሻ። ሳያዶ የእናቴ መምህር፣ የገዳማችን አለቃ ናቸው፤ እርጅና ተጫጭኗቸው ድምፃቸው እንኳ ከጉሮሯቸው አይወጣም። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሰፈሩ ደጁን ሞላው። እናቴን አዩዋት፤ እሷም አየቻቸውና ልብሳቸው ቀለሙ ያምራል አለቻቸው። ሳያዶ "ትበላለች?" ብለው ጠየቁኝ። "በግድ" አልኩ። "ትተኛለች?" "አትተኛም።" አንገታቸውን ነቅንቀው ሌላ ምንም ሳይሉ ሄዱ። መነኩሴ ስለማንም መድረስ አለመድረስ ለእኛ አይናገርም፣ ሕጉ ነው። ሰፈሩ ግን ዝምታቸውን ይዞ ሄደ፤ ባትደርስ ኖሮ አልደረሰችም ይሉ ነበር ተባለ። እኔም ከዚያ በኋላ መከራከር ተውኩ፣ አቅሙም አልነበረኝም።

ሙቀቱ መጣ። የእኛን አገር ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከአዲስ ዓመቱ የውሃ መረጫጨት በዓል በፊት ባሉት ሳምንታት ውሻ እንኳ ከጥላ ጥላ እየሮጠ ነው መንገድ የሚሻገረው። የዚያን ዕለት እናቴን ከእኩለ ቀን በፊት አበላኋት። እንግዶች ነበሩ፣ ሰግደው ወጡ። በሩን ሁልጊዜ በገመድ ነበር የማስረው፤ ያን ቀን ግን እነሱን ሸኝቼ ሳላስረው ምሰሶውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ማለቴን ነው የማስታውሰው።

ስነቃ ምንጣፉ ባዶ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ነጠላ ጫማዋ ደጅ ላይ እንዳለ ነው። በባዶ እግሯ ነው የወጣችው።

ዶ ፑ ደጇ ላይ ጥብሷን ትጠብሳለች። "እናቴን አይተዋል?" አልኳት።

"እንዴታ" አለች፣ ፊቷ በርቶ። "በዚህ በኩል አለፉ። ማ ዋይ፣ እርምጃቸውን ብታይ። እግር ማንሳት፣ መግፋት፣ ማስቀመጥ። ማንሳት፣ መግፋት፣ ማስቀመጥ። አንዲት እርምጃ አልሳቱም። መሬቱ እሳት ነው፣ እሳቸው ግን ከምንም አልቆጠሩትም። እጄን አጣምሬ አሳለፍኳቸው።"

"አላስቆሟትም?"

"የእርምጃ ተመስጦ ላይ ያለን ሰው ማን ያስቆማል? አንቺስ ብትሆኚ ትጠሪያለሽ?"

እናቴ እግሯን የምትጎትተው ከታመመች ወዲህ ነው። እግሯ ወዴት መሄድ እንዳለበት ስለሚጠፋው ነው ቀስ የሚለው። ይህን ለዶ ፑ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም፤ ጫማዋን በእጄ ይዤ ሮጥኩ።

መስቀለኛው መንገድ ላይ የብስክሌት ጋሪ ነጂዎቹ ከሮቃው ዛፍ ሥር ተኝተዋል። "እናቴ አልፋለች?" አልኩ። አንዱ፣ ኮ ንዪ የሚባለው፣ ተነስቶ ቁጭ አለ። "አልፈዋል። እንዲያውም የጡብ መኪና ሲመጣ መሀል መንገድ ገብቼ አስቆምኩላቸው" አለኝ፣ ምስጋና እየጠበቀ።

"መኪናውን አስቆምክ?"

"አዎ።"

"እሷንስ?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብሎ አላሰበም። ጓደኛው ከኋላ ሆኖ፣ "ልጃቸውን ፀሐይ መቷታል፣ ውሃ ስጧት" አለ። ውሃውን ጠጣሁና ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ የጠየቅኋቸው ሁሉ አይተዋታል። በረዶ ሻጩ አይቷታል፣ ባርኔጣውን አውልቆላታል። የልብስ ሰፊው ሚስት ልጆቿን ዝም አሰኝታ ከመንገድ አስወጥታላታለች። ከተማው በሙሉ አይቷት፣ ከተማው በሙሉ ጥግ ይዞ አሳለፋት። በክፋት ቢሆን እኮ እሳደብ ነበር። ባከበሩት ሰው ምን ተብሎ ይጮሃል?

ለታውን ቱት ደወልኩለት። በሞተር ደረሰ። መጀመሪያ የተናገረው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? "ቤት ትታ መውጣቷ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ወደ ጫካው ገዳም እየሄደች ይሆናል። የቀደሙት ሰዎች እንዲህ ነው የሚወጡት።"

ከኋላው ተፈናጥጬ "ንዳው" አልኩት ብቻ። ተመስጦ ቤቱ ሄድን፣ የለችም። የጫካው ገዳም በር ላይ ያለችው መነኩሲት ማንም አልመጣም አለችን። ታውን ቱት የዚያን ጊዜ ሞተሩን ወደ ወንዙ አዞረ። ኢራዋዲ በሙቀቱ ሸሽቶ አሸዋው ሰፍቷል፤ እዚያ አሸዋ ላይ በዚህ ሰዓት በባዶ እግሩ የገባ ሰው አይመለስም። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን። ጀልባ ጠጋኞቹ ማንንም አላየንም አሉ። አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። "ተነሺ" አለኝ ወንድሜ። "ዋይ፣ እባክሽ ተነሺ።" እባክሽ ሲለኝ ከልጅነታችን ወዲህ ያ የመጀመሪያው መሆን አለበት።

ስንመለስ ነው የሚታኘከውን ቅጠል የምትሸጠዋ ሴት ከመደብሯ ሆና እጇን ያወዛወዘችልን። "እናንተ፣ እናታችሁን ነው? በአሮጌው ሲኒማ ቤት ጀርባ ገቡ። ወደ ልጆች ትምህርት ቤት በኩል።"

እኔና ታውን ቱት የተማርንበት ትምህርት ቤት ነው። የብረት በሩ በሰንሰለት ተቆልፎ ነበር፤ ለሙቀቱ ወራት ትምህርት ከተዘጋ ሰንብቷል። እናቴ በሩ ፊት ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ እግሯ ሥር መሬቱ ላይ ደም አለ። ብብቷ ውስጥ ጃንጥላ ሸጉጣለች፣ የታጠፈ። በዚያ ፀሐይ ጃንጥላ ይዛ አልዘረጋችውም።

ወንድሜ ሞተሩን ጣለው ማለት ይቻላል። ሮጦ ፊቷ ሲደርስ በልማድ ሊንበረከክ ጉልበቱን አጠፈ። እኔ ትከሻዋን ያዝኳት። "አሜ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ልጄን ልወስድ ነዋ" አለች። "ዛሬ አዘገዩዋት።"

"የቷን ልጅ?" አለ ታውን ቱት፣ እንደተንበረከከ።

"ሚንጌን ነዋ። ትንሿን።" እንደማያውቅ ሰው አየችው፣ በትዕግሥት። "ፀሐይ ከነካት አፍንጫዋ ይደማል። ጃንጥላ ይዤላታለሁ።"

"ለምን አልዘረጋሽውም፣ አሜ?"

"ጨርቁ ይግላል። ስትወጣ ቀዝቀዝ ያለ ይሁንላት ብዬ ነው።"

ሚንጌ ማለት ታናሿ ማለት ነው። ከእሷ በቀር በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም፤ እሷም ካደግሁ በኋላ ትታዋለች። አፍንጫዬ እንደሚደማ እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

"ወንዱስ?" አለ ታውን ቱት። "ወንድ ልጅ አልነበረሽም?"

"እሱማ ትልቅ ነው፣ ብቻውን ይመጣል። እሱ ጠንካራ ነው። እሷ ናት እኔ ካልመጣሁላት የምታለቅሰው።"

ወንድሜ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። የተተኮሰው ሸሚዙ በላብ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ እናቴን ሳይሆን እኔን፣ "ታማለች" አለ። "ዋይ፣ እናታችን በጣም ታማለች።"

ያን ቃል ስንት ጊዜ እንደጠበቅሁት። ሲመጣ እደሰታለሁ ብዬ ነበር። ምንም ደስ አላለኝም፤ እዚያው መሬቱ ላይ መተኛት ብቻ ነው ያማረኝ። "መኪናውን ላምጣ" አለ። "ዛሬውኑ ማንዳሌ እንሄዳለን። ከዚያ ወዲያ እኔ ጋ ትሆናለች፣ አንቺ ትተኛለሽ።" ሞተሩን አነሳና ሄደ፤ ሲሄድ እንባውን በክንዱ ይጠርግ ነበር።

ጫማዋን ላደርግላት ጎንበስ አልኩ። አልፈቀደችም፣ እግሯን ሳበች። "አሜ" አልኳት። "እኔ ነኝ እኮ። ሚንጌ እኔ ነኝ። ወጥቻለሁ፣ ቤት እንሂድ።"

ፊቴን ልብ ብላ አየችው። ሽበቴን አየች፣ ዓይኔ ሥር ያለውን ጥቁረት አየች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። እጇን አንስታ ጉንጬን ነካችኝ።

"አይደለሽም፣ የኔ እመቤት" አለችኝ በደግነት። "አንቺ ደክመሻል። የኔ ልጅ ትንሽ ናት።" ከዚያ በሩ ሥር ካለችው ጠባብ ጥላ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። "አንቺም ልጅ እየጠበቅሽ ነው?"

"አዎ" አልኳት።

"እንግዲያው ተቀመጪ። አሁን ደወል ይደወላል።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። መኪናው እስኪመጣ ድረስ ሁለታችን የተቆለፈውን በር እያየን እኔን ጠበቅን።